«ያነቃቃል» እና «ይከላከላል»፦ የአእምሮ ጨዋታዎች ማስታወቂያ ሲመረመር

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2016 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ መቀመጫውን በሳን ፍራንሲስኮ ያደረገው ሉሞስ ላብስ የተባለ ኩባንያ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍልበትን ስምምነት ይፋ አደረገ። ኩባንያው «ሉሞሲቲ» በሚል መጠሪያ 40 ያህል አጫጭር ጨዋታዎችን በኮምፒዩተርና በተንቀሳቃሽ ስልክ ያቀርብ የነበረ ሲሆን፣ ክፍያው ለአንድ ወር ከ14.95 ዶላር ጀምሮ ለዕድሜ ልክ እስከ 299.95 ዶላር ይደርስ ነበር። ውሳኔው የተጻፈው በ50 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ኩባንያው ይህን ያህል የመክፈል አቅም ስላልነበረው ሁለቱን ሚሊዮን ሲከፍል የቀረው እንዲታገድ ተደርጓል።

የክሱ ፍሬ ነገር በጤና ባለሙያ ዓይን ሲነበብ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ትኩረት የሚስብ ነው። ኮሚሽኑ ጨዋታዎቹ ጉዳት ያደርሳሉ አላለም። ዋጋቸው ተወደደም አላለም። ያለው ይህን ነው፦ ጨዋታዎቹ በሥራና በትምህርት ውጤታማ ያደርጋሉ፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የማስታወስ ችሎታ መዳከም ያዘገያሉ፣ በስትሮክ፣ በጭንቅላት ጉዳትና በትኩረት ማነስ ምክንያት የሚከሰተውን ችግር ይቀንሳሉ ተብሎ ሲነገር፣ ለተነገረው የሚመጥን ሳይንሳዊ ማስረጃ አልነበረም። ከዚህም በላይ ኩባንያው የኢንተርኔት ማስታወቂያውን «ማስታወስ»፣ «የመርሳት በሽታ»፣ «አልዛይመር» ከሚሉ የመፈለጊያ ቃላት ጋር አቆራኝቶት ነበር። ይህ ማለት ማስታወቂያው ተነጣጥሮ የተላከው ጊዜ ለማሳለፍ ጨዋታ ለሚፈልግ ሰው ሳይሆን፣ እናቱ የልጆቿን ስም መሳት ስለጀመረች ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ መፍትሔ ለሚያስስ ልጅ ነበር። በድረ ገጹ ላይ የሰፈሩት የደንበኞች የምስጋና ቃሎችም ከፊሎቹ ሽልማት በተዘጋጀላቸው ውድድሮች የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ይህ ግን ለአንባቢው አልተነገረውም።

ነገሩ የሌላ አገር፣ ያውም የቆየ ነው ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ስልክ ባለበት ሁሉ ጨዋታው አለ፤ ጨዋታው ባለበት ሁሉ ደግሞ ቃሉ አለ። በውጭ አገር የሚኖር ልጅ ለወላጆቹ ስልክ ሲልክ ጨዋታውን ጭኖ ይልካል። ቀጥሎም ወላጆቹን ወደ ጤና ተቋም ይዞ የሚመጣው ዘመድ «ዶክተር፣ ይህ ነገር ይጠቅማቸዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም ወረፋው ስለሚያስቸኩለን «አዎ፣ አይጎዳም፣ ይጫወቱ» ብለን እናልፋለን። ይህች አጭር መልስ ማስታወቂያው ያላገኘውን ማኅተም ትሰጠዋለች። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ከጨዋታዎቹ ይልቅ ስለ ጨዋታዎቹ የሚነገረውን ቃል ነው፤ ጨዋታ በራሱ ውሸት አይናገርምና።

የእነዚህ ማስታወቂያዎች አገነባብ ልብ ተብሎ ከታየ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት መሰላል ይወጣሉ። የመጀመሪያው ደረጃ እውነት ነው፦ የሰው አንጎል በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ በልምድ ይለወጣል። ሁለተኛውም እውነት ነው፦ ይህን ጨዋታ በተደጋጋሚ የተጫወተ ሰው በጨዋታው እየተሻሻለ ይሄዳል፤ ይህ መሻሻል በአንጎሉ ውስጥ አንዳች ለውጥ መኖሩን ያሳያል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ ግን መወጣጫው ይጎድላል፦ ስለዚህ ጨዋታው አንጎልን ከእርጅና ይጠብቃል ይባላል። አንባቢው ሁለቱን እውነቶች ተቀብሎ ስለመጣ ሦስተኛውን ሳይረግጠው ያልፋል። ነገር ግን የአንጎል መለወጥ ብቻውን ማስረጃ ከሆነ፣ አዲስ ሰፈር ገብቶ መንገድ የለመደ ሰው፣ ገበጣ የተማረ ሕፃን፣ የአዲስ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቹን ስም የያዘ ጸሐፊ ሁሉ አንጎላቸው ተለውጧል። ማንም ግን ለእነርሱ የመርሳት በሽታ መከላከያ ሰጠሁ ብሎ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚሁ ጋር የሚታይ ሌላ ስልት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በጃፓን ኒንቴንዶ ኩባንያ ያወጣውና በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሆኑት በዶ/ር ሪዩታ ካዋሺማ ስም የተሰየመው ጨዋታ፣ ለተጫዋቹ «የአንጎልህ ዕድሜ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ይሰጣል። የሚቻለው ምርጥ ውጤት 20 ነው። ቁጥሩ የአንዳንድ ፈጣን ተግባራት ውጤት ማጠቃለያ እንጂ የሕክምና ምርመራ አይደለም። መልኩ ግን የላቦራቶሪ ውጤት ይመስላል፤ የዶክተሩ ፊትም በስክሪኑ ላይ ሆኖ ያብራራል። በጨዋታነቱ የተዋጣለት ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። የ70 ዓመት ሰው «የአንጎልዎ ዕድሜ 35 ነው» ተብለው ከተደሰቱ በኋላ ስለ ደም ግፊታቸው ሲነገራቸው የሚሰሙበት ጆሮ እንዳይቀንስ ግን እሰጋለሁ።

ለመሆኑ ማስረጃው ምን ይላል? ዋናው ጥያቄ በሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዘንድ «ሽግግር» እየተባለ ይጠራል፤ በአንድ ተግባር የተገኘ ብርታት ወደ ሌላ፣ ላልተለማመዱት ተግባር ይሻገራል ወይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው የእነ አድሪያን ኦወን ጥናት፣ ከእንግሊዝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቢቢሲ ጋር በመተባበር 11,430 ሰዎችን ለ6 ሳምንታት በኢንተርኔት አለማመደ። ለንጽጽር የተመደቡት ሰዎች ጨዋታ አልተሰጣቸውም፤ ለአጠቃላይ እውቀት ጥያቄዎች ከኢንተርኔት መልስ ሲፈልጉ ቆዩ። ተለማማጆቹ በተለማመዷቸው ጨዋታዎች ሁሉ ተሻሻሉ። ሆኖም መሻሻሉ ወዳልተለማመዷቸው ፈተናዎች፣ በባሕርያቸው ወደሚቀራረቡት እንኳ፣ አልተሻገረም። ዕድሜ ልኩን ገበጣ የተጫወተ ሽማግሌ በጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን ጠጠሮች በዓይኑ ገርመም አድርጎ ይቆጥር ይሆናል፤ የማታውን ክኒን መዋጡን ግን ያው የቤተሰቡ ሰው ሊያስታውሰው ይገባል።

እዚህ ላይ የንጽጽር ቡድን ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ማስታወቂያዎች ከምንም በላይ የሚሸሹት እርሱን ነውና። አንድን የማስታወስ ፈተና ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሰጠ ሐኪም፣ ሁለተኛው ውጤት ያለ ምንም ሕክምና ሊሻል እንደሚችል ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 በእነ ጆሴፍ ኬብል የታተመው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ 128 ወጣቶች ለ10 ሳምንታት ግማሾቹ የሉሞሲቲን ጨዋታዎች፣ ግማሾቹ ተራ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ተጫወቱ። ሁለቱም ቡድኖች በፈተናው ተሻሻሉ፤ ምንም ያልተጫወቱ፣ ፈተናውን ብቻ ደግመው የወሰዱ ሰዎችም እንዲሁ ተሻሻሉ። የንጽጽር ቡድን ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ «ደንበኞቻችን በ10 ሳምንት ውስጥ ተሻሻሉ» ተብሎ ሊጻፍ ይችል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ ቃል በቃል እውነት ይሆን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ስለ ማስታወቂያ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣው አነስተኛ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ተሳታፊዎችን በሁለት ዓይነት በራሪ ወረቀት ጠሩ። አንደኛው ወረቀት «የአንጎል ሥልጠናና የአእምሮ ማጎልበቻ» የሚል መልእክት ነበረው፤ ሌላው ግን ስለ ጥናት ተሳትፎ ብቻ የሚናገር ደረቅ ጥሪ ነበር። በእያንዳንዱ ወረቀት የመጡት 25 ሰዎች ናቸው። ሁሉም የሠሩት ያንኑ የአንድ ሰዓት ልምምድ ነው። በመጀመሪያው ወረቀት የመጡት ብቻ በማሰብ ችሎታ ፈተና ከ5 እስከ 10 ነጥብ የሚገመት ጭማሪ አሳዩ። በአንድ ሰዓት ልምምድ እንዲህ ያለ ለውጥ ሊመጣ አይችልም፤ ለውጡን ያመጣው ወረቀቱ ነው። ጥናቱ በተሳታፊ ቁጥር ትንሽ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በፕላሴቦ ለተማርን ባለሙያዎች ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ተስፋ የሚሰጥ ማስታወቂያ ራሱ ውጤት ይፈጥራል፣ ከዚያም ያንኑ ውጤት ለራሱ ምስክር አድርጎ ይጠራዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን በሌላው ወገን ያለውን ጠንካራ ማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሉሞሲቲ ተመራማሪዎች 4,715 ሰዎችን ለ10 ሳምንታት አወዳድረው፣ ጨዋታዎቻቸውን የተለማመዱት መስቀለኛ ቃላት ከሞሉት ይልቅ በፈተና በመጠኑ ተሽለው መገኘታቸውን አሳትመዋል። ከዚህ የሚበልጠው ግን «አክቲቭ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ በመንግሥት ገንዘብ የተካሄደው ሙከራ ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,832 ሰዎች በዕጣ በአራት ተመደቡ፦ የማስታወስ ሥልጠና፣ የማመዛዘን ሥልጠና፣ የፍጥነት ሥልጠና እና ሥልጠና የማይሰጠው ቡድን። ሥልጠናው ከ60 እስከ 75 ደቂቃ የሚወስድ 10 ክፍለ ጊዜ ሲሆን በ5 ወይም በ6 ሳምንታት ተጠናቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የመጀመሪያ ውጤት፣ ሥልጠናው እንዳበቃ በፍጥነት ከሠለጠኑት 87 በመቶ፣ በማመዛዘን 74 በመቶ፣ በማስታወስ 26 በመቶ በየሠለጠኑበት ዘርፍ አስተማማኝ መሻሻል አሳዩ። እያንዳንዱ ሥልጠና የረዳው ግን የራሱን ዘርፍ ብቻ ነበር፤ በዕለት ተዕለት ተግባር ላይም በ2 ዓመት ክትትል ልዩነት አልታየም።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ ሠልጣኞቹ የቤት ውስጥ ተግባሮቻቸውን ለመፈጸም ካልሠለጠኑት ያነሰ ችግር እንዳለባቸው ተናገሩ። «ተናገሩ» ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ ተግባሩን በተመልካች ፊት እንዲፈጽሙ ሲደረግ ልዩነት አልተገኘምና። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የፍጥነት ሥልጠና የወሰዱት በ10 ዓመት ውስጥ የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ29 በመቶ ያነሰ መሆኑ ተዘገበ፤ በማስታወስና በማመዛዘን በሠለጠኑት ግን አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። በዚህ ጥናት የመርሳት በሽታ የተወሰነው በነርቭ ሐኪም ምርመራ ሳይሆን ከፈተና ውጤትና ከተሳታፊው ወይም ከቤተሰቡ ቃል በተውጣጣ መስፈርት ነው።

ይህ ሊናቅ የሚገባው ውጤት አይደለም። እኔ በበኩሌ የሚያጓጓ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነገር ግን ከዚህ ውጤት ሐቀኛ ማስታወቂያ ሊወስድ የሚችለው ምን ያህሉን ነው? የማስታወስ ሥልጠና፣ ያውም ሕዝቡ «የአእምሮ ጨዋታ» ሲባል የሚያስበው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ የመርሳት በሽታን በተመለከተ ባዶ እጁን ነው የቀረው። አንድ የተለየ ልምምድ ያመጣው ውጤት «የአእምሮ ጨዋታዎች» በሚል የወል ስም ሲሸጥ፣ አንድ አንቲባዮቲክ የሳንባ ምችን ስለፈወሰ «ክኒኖች የሳንባ ምች ያድናሉ» እንደማለት ነው። ተሳታፊዎቹም በአማካይ ከ13 ዓመት በላይ በትምህርት ያሳለፉ አሜሪካውያን ነበሩ፤ በምርጫው ወቅት ጉልህ የማስታወስ ችግር የነበረባቸው እንዲገለሉ ተደርጓል። ወደ እኛ ክፍል የምትመጣው እናት ብዙውን ጊዜ ፊደል ያልቆጠረች፣ የመርሳት ችግሩም አስቀድሞ የጀመራት ናት። ጥናቱ ስለ እርሷ አልተናገረም።

ሳይንቲስቶቹም በዚህ ጉዳይ ተከፋፍለው እንደነበር መጥቀስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና በበርሊኑ ማክስ ፕላንክ ተቋም አስተባባሪነት በርካታ ተመራማሪዎች የማስታወቂያዎቹን ግነት የሚቃወም መግለጫ ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ100 የሚበልጡ ሌሎች ተመራማሪዎች መግለጫው ማስረጃውን አሳንሷል ብለው መልስ ሰጡ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 እነ ዳንኤል ሳይመንስ ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚጠቅሷቸውን ጥናቶች መርምረው የደረሱበት መደምደሚያ እስካሁን ሚዛኑን እንደጠበቀ አምናለሁ፦ ልምምዱ በተለማመዱት ተግባር መሻሻልን ለማምጣቱ ብዙ ማስረጃ፣ በተቀራራቢ ተግባር ያነሰ ማስረጃ፣ በዕለት ተዕለት ኑሮ ደግሞ ጥቂት ማስረጃ።

አሁን ወደ «ደኅንነት» ቋንቋ እንምጣ፤ የሽሽቱ በር እርሱ ነውና። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ በሽታን እናክማለን ወይም እንመረምራለን የማይሉና አነስተኛ ሥጋት ያላቸው መሣሪያዎችን «ለአጠቃላይ ደኅንነት» የሚውሉ ብሎ ከጠበቀ ቁጥጥር ነፃ አድርጓል። ከተፈቀዱት የአነጋገር ዘርፎች አንዱ የአእምሮ ንቃት ነው፤ ትኩረትን፣ ችግር መፍታትን፣ ውሳኔ መስጠትን የሚመለከቱ አባባሎች ይገኙበታል። ስለሆነም አምራቹ «አልዛይመር» የሚለውን ቃል ሰርዞ «የአእምሮ ንቃት» ብሎ ከጻፈ ከአንዱ ተቆጣጣሪ ደጃፍ ያመልጣል። ያመለጠው ግን ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው ነው እንጂ እውነት ከመናገር ግዴታ አይደለም። የንግድ ኮሚሽኑ የሚመዝነው አጠቃላይ መልእክቱን፣ ማለትም አስተዋይ ሸማች ከማስታወቂያው ይዞት የሚሄደውን ግንዛቤ ነው። ነጭ ፀጉር ያላት ሴት በፈገግታ ስልክ ይዛ፣ ከጎኗ የልጅ ልጇ፣ ከበላይዋ «ትዝታዎችዎን ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ «አልዛይመር» የሚል ቃል ባይኖርም የተባለው ነገር ተብሏል።

በተቃራኒው ሊጠቀስ የሚገባ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ይኸው አስተዳደር «ኢንዴቨርአርኤክስ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው የትኩረት ማነስ ችግር ላለባቸው ልጆች በሐኪም ማዘዣ እንዲሰጥ ፈቀደ። ከድጋፍ ጥናቶቹ ዋነኛው 348 ልጆችን ከሌላ ጨዋታ ጋር ያነጻጸረ ነበር። ትኩረቴን የሳበው ፈቃዱ ሳይሆን የፈቃዱ ቃል ነው። መሻሻሉ የታየው በኮምፒዩተር በሚለካ የትኩረት ፈተና መሆኑን፣ እንደ መቅበጥበጥ ባሉት የተለመዱ የባሕርይ ምልክቶች ላይ ግን ጥቅም ላይታይ እንደሚችል፣ የሕክምናው አንድ ክፍል ሆኖ እንጂ ብቻውን እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። ሻጭ ራሱ «ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ አያልፍም» ሲል ማየት ብርቅ ነው። ጨዋታው በክሊኒክ ያለው ጠቀሜታ አከራካሪ ነው፤ ቃሉ ግን አከራካሪ አይደለም።

እነዚህ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ደግሞ የራሳችን ችግር ይጨመርባቸዋል። «አእምሮ» ከግእዙ «አእመረ»፣ ማለትም ዐወቀ ከሚለው የመጣ ሲሆን ዕውቀትንና ማስተዋልን ያመለክታል። በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ግን ሐሳብንም፣ ስሜትንም፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን አካልም በዚሁ አንድ ቃል እንጠራለን፤ «አንጎል» የሚለው ቃል ከመማሪያ ክፍልና ከሥጋ ቤት ብዙም አይወጣም። እናም «ይህ ጨዋታ አእምሮን ያነቃቃል» ስንል የተናጋሪው ፍላጎት «ሰውዬው አይሰለቻቸውም፣ ሐሳባቸው በአንድ ነገር ይያዛል» ማለት ሊሆን ይችላል። የሰሚው ግንዛቤ ግን «የታመመውን አካል ይጠግናል» ይሆናል። የአንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ማስታወቂያው በብዙ ድካም የሚሠራውን መሰላል በነፃ ይሠራለታል።

ግሦቹም እንዲሁ ናቸው። «ያዝናናል»፣ «ያነቃቃል»፣ «ያጎለብታል»፣ «ያዘገያል»፣ «ይከላከላል»፣ እነዚህ በአንድ ረድፍ የቆሙ ዘመዳሞች ቢመስሉም እያንዳንዳቸው የተለየ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ለ«ያዝናናል» የተጫዋቹ ፈገግታ ይበቃል። ለ«ያጎለብታል» ከንጽጽር ቡድን ጋር የተደረገ ፈተና ያስፈልጋል። ለ«ይከላከላል» ደግሞ ዓመታት የሚወስድ፣ በሽታው የያዛቸውንና ያልያዛቸውን የቆጠረ ሙከራ ግድ ይላል። ከሁሉ የሚያታልለው «ሊረዳ ይችላል» የሚለው ነው። በሳይንስ ጽሑፍ ይህ አባባል የጥርጣሬ ምልክት ነው። በክሊኒክ ውስጥ ከባለሙያ አፍ ሲወጣ ግን ታካሚው «ሊ»ንም «ይችላል»ንም ጥሎ «ይረዳል» የሚለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ይህን የምለው ታካሚውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጭንቀት ያለበት ሰው የሚሰማው እንዲህ ነው።

ታዲያ ሐቀኛ ቃል ምን ይመስላል? አንድ ሙከራ ላቅርብ፦ «ይህ ጨዋታ ደስ የሚያሰኝና ሐሳብን የሚይዝ ነው። በተደጋጋሚ ሲጫወቱት በዚሁ ጨዋታ እየጎበዙ ይሄዳሉ። በዕለት ኑሮዎ የማስታወስ ችሎታዎን እንደሚያሻሽል ወይም የመርሳት በሽታን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም።» የሽያጭ ሠራተኛ ይህን አንብቦ ይስቃል፤ ማን ይገዛዋል? ይላል። እኔ ግን ክርክሩን አልቀበለውም። ዳማ ለዘመናት የተጫወቱ ሰዎች የሕክምና ተስፋ ተሰጥቷቸው አያውቅም፤ የሚጫወቱት ባላጋራቸውን ማሸነፍ ስለሚጣፍጥ ነው። ደስታ በቂ ምክንያት ነው። ይልቁንም ደስታን በሽታ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ ጨዋታውን ራሱን ወደ ግዴታ ይለውጠዋል።

ይህ ግዴታ የሚያስከፍለው ዋጋ ከገንዘብ ይበልጣል። የመጀመሪያው ወቀሳ ነው፦ «አእምሮህን ካሠራኸው አይደክምም» የሚለው አባባል ሲገለበጥ «የደከመው ስላላሠራኸው ነው» ይሆናል። የአልዛይመር ሕመምተኛ በዚህ መንገድ ስንፍናው እንደ ጣለው ሰው ይታያል፤ ቤተሰቡም «አልተጫወትክም፣ ለዚህ ነው» እያለ ስልኩን በእጁ ያስጨብጠዋል። ሁለተኛው የጠፋ ጊዜ ነው። መርሳት ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ከጀርባው የታይሮይድ እጥረት፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ድብርት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ከመውደቅ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደም፣ ወይም እኛው ያዘዝነው የእንቅልፍ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው፤ ለሦስት ወር ጨዋታ ሲጫወቱ ግን አይጠብቁም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ኮሚሽን የመርሳት በሽታን የሚያባብሱ፣ ሊለወጡ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን ሕመም ማስቀረት ወይም ማዘግየት በንድፈ ሐሳብ እንደሚቻል ገምቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ማጨስ፣ ድብርት፣ የማየት ችግር፣ ብቸኝነትና በልጅነት ትምህርት አለማግኘት ይገኙበታል። ይህም ቁጥር ራሱ ማስታወቂያ ሊሆን አይገባውም፤ የሕዝብ ግምት ነው እንጂ ለአንድ ታካሚ የሚሰጥ ተስፋ አይደለም። ሆኖም አብዛኞቹን በእጃችን ባለው መሣሪያ መለካት እንችላለን፤ የደም ግፊት መለኪያ በጤና ጣቢያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው የአእምሮ ልምምድ ጤናማ ለሆኑና ቀላል የማስታወስ ችግር ላለባቸው አረጋውያን ሊሰጥ እንደሚችል ሲገልጽ፣ የማስረጃውን ጥራት ዝቅተኛ ወይም በጣም ዝቅተኛ ብሎ መድቦ ምክሩን ሁኔታን የሚያገናዝብ አድርጎታል። «ሊሰጥ ይችላል» ያለው «ይከላከላል» በማለት አይደለም።

በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሆኖም በባሕር ማዶ ካርድ ተከፍሎ በስልክ ውስጥ ተጭኖ የመጣውን ጨዋታ የአገር ውስጥ አዋጅ በቀላሉ አይደርስበትም፤ በቤተሰብ መካከል የሚነገረውን ቃል ደግሞ ፈጽሞ አይደርስበትም። ጥያቄው የሚመጣው ወደ ምርመራ ክፍላችን ነው። «ይጠቅማቸዋል ወይ?» ላለው ልጅ እኔ የምሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦ «እናትህ ከወደዱት ይጫወቱ፤ ካልወደዱት አታስገድዳቸው። ለመርሳታቸው መድኃኒት ነው ብለህ አትክፈልበት። አሁን ግፊታቸውን እንለካ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በከረጢት አድርገህ ነገ አምጣልኝ። ደግሞም ስትጠራቸው የማይመልሱት ረስተው ነው ወይስ ሳይሰሙህ ቀርተው? ጆሯቸውን እንየው።»